ሰምና ወርቅ በኮፈን ላይ

ባሕር ዳር ላይ ጥቁር መኪና መያዝ ጥቁር ካፖርት ለብሶ ወፍጮ ቤት እንደ መቀጠር ነው። ክረምት ሲሆን ጭቃው፣ በጋ ሲሆን አቧራው፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ከጣና ዳር ዋርካዎች ላይ ሆነው አነጣጥረው የሚለቁት ወፎች አሉ። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጥቁር ኮሮላ ገዛሁ። ሻጩ «ጥቁር ክብር አለው» ስላለኝ ነው። ክብሩ ከላቫጆ ወጥቼ ከመጀመሪያው የባጃጅ መንጋ ጋር እስክገናኝ ድረስ ይቆያል።

ነገሩ የተጀመረው የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ሊያገባ መሆኑ የተነገረ ዕለት ነው። በእኛ ቤተ ዘመድ ሚዜ ከመመረጡ በፊት መኪና ይመረጣል። «ያንተን እንኳ አንጠይቅም፤ ያንተማ የእኛው ነው» ተባልኩ። ይህ ወደ ተራ አማርኛ ሲመለስ «ነዳጁን አንተ ትሞላለህ» ማለት ነው።

አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ወሬውን ስትሰማ በሰው እጅ ዕቃ ላከች። ከእናቴ የደም ግፊት መለኪያና ከልጄ ጫማ መካከል በላስቲክ የተጠቀለለ፣ የገላ ሳሙና የሚያክል ሰማያዊ ነገር ወጣ። እናቴ አሸተተችው።

«የሚበላ ነው?»

«አይደለም እማዬ። ጭቃ ነው። መኪና ላይ የሚታሽ ጭቃ።»

ትንሽ ዝም አለች። «እኛ ጭቃ ለማስለቀቅ እንከፍላለን፤ እነሱ ጭቃ ለማስነካት ይከፍላሉ ማለት ነው?» አለችና ነገሩን ለቡና ጠጪዎቿ ለማድረስ ተነሣች። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ከአሜሪካ ጭቃ እንደመጣልኝ አውቋል። ጭቃ ሹምነት የቀረው ድሮ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ በእኔ ተመለሰ።

ጭቃው ግን የቀልድ ዕቃ አይደለም። መኪና ታጥቦ ጸዳ ከተባለ በኋላም የማይለቅ ነገር አለ፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ተፍቆ የሚበተን የብረት ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ ጎረቤት የአጥር በሩን ሲያስረጭ በነፋስ የመጣ ቀለም። እነዚህ ቀለሙ ላይ ተጣብቀው ስለሚቀሩ ሳሙና አያነሣቸውም። መኖራቸውን ለማወቅ እጅን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትቶ የታጠበውን ኮፈን በቀስታ መዳሰስ ይበቃል፤ በባዶ እጅ ልስልስ የነበረው በፌስታሉ ሲዳሰስ ያልተነፋ ዱቄት ይሆናል። እኔም እጄን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በደንብ እንዲሰማኝ ዓይኔን ጨፍኜ፣ መኪናዬን ከፓራፋንጎ እስከ ፓራፋንጎ ደባበስኳት። ጎረቤታችን እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩኝ ኖሯል። ማታ እናቴን ለብቻዋ ጠርተው «ጠበል ሞክራችሁለታል?» ብለዋታል።

መመሪያው በእንግሊዝኛ ነበር። እኔ እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ መመሪያ ግን አላነብም። እህቴ የላከችውንም የድምፅ መልእክት ግማሹን ሰምቼ «ገባኝ» ብዬ ዘጋሁት። ምክሩ ሁሉ የነበረው በቀረው ግማሽ ውስጥ ነው። ጭቃው በሳሙና ውኃ ላይ እየተንሸራተተ እንጂ እየተጫነ አይሄድም። ቀለሙ በጋለ ሰዓት አይነካም። ጭቃው ሲቆሽሽ እየታጠፈ ንጹሕ ፊቱ ይወጣል። መሬት ከወደቀ ደግሞ አበቃለት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከያዘ ከብርጭቆ ወረቀት አይለይም።

እኔ የጀመርኩት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ኮፈኑ እንጀራ ሊጋገርበት ምንም አልቀረው። የረጨሁት ውኃ እጄ ሳይደርስበት ይደርቃል። ጭቃው አልንሸራተት ሲለኝ ጫን አልኩት፤ ክዳኑ አልከፈት ላለ ማሰሮም፣ አልፈርም ላለ ሹምም የምናውቀው መድኃኒት ይኸው ነው። መሐል ላይ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። አነሣሁት። እንጀራ እንኳ ሲወድቅ ተስሞ ይነሣል፤ በዶላር የተገዛ ጭቃ አፈር ነካው ተብሎ ይጣላል? በሱሪዬ ጠርጌ ቀጠልኩ።

ማታ በጥላው ስዳስሰው የሕፃን ጉንጭ ሆኗል። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ፀሐይ ኮፈኑ ላይ ስታርፍ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ጥቁርነቱ ግራጫ ጉም ለብሷል፤ ጉሙ ውስጥ ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ጭረት እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ የሻይ ብርጭቆ በሉት። ነጭ መኪና ቢሆን ማንም አያየውም ነበር። የሻጩ «ክብር» ያን ጊዜ ገባኝ፤ ክቡር ሰው ላይ ነቁጥ ቶሎ ይታያል።

ከዚያ ጉባኤው ተሰበሰበ። በእኛ ሰፈር «አላውቅም» የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ምን ሆኖ እንደተጫረ አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ መድኃኒቱን ግን ሁሉም ያውቃል። ኤንትሬ ሲነዱ ያረጁት ጋሼ «ናፍታ ነው፤ በጨርቅ ነከር አድርገህ» አሉ። ፀጉር አስተካካዩ የጥርስ ሳሙና አዘዘ። እትዬ «ለጋ ቅቤ ያልፈታው ምን ነገር አለ?» ብለው ወደ ጓዳ ሊገቡ ሲሉ ለመንኳቸው። የተጠራው ቀለም ቀቢ ኮፈኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና እንደ ሐኪም ተነፈሰ።

«ሙሉ ቀለም ነው።»

«ኮፈኑ ብቻ እኮ ነው።»

«ኮፈኑ አዲስ ሆኖ ፓራፋንጎው አሮጌ ሊቀር? ይጣላሉ።»

እስቱኮውን፣ አንቲሩጂኑን፣ ቀለሙንና የእጁን ዋጋ እያከታተለ ሲዘረዝርልኝ መኪናዬን ከነጭረቷ መሸጥ የሚቀል መሰለኝ። ከሁሉ ያናደደኝ የላቫጆው ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይህ ጭረት ድሮም ነበር፤ አቧራው ሸፍኖልህ ነው» አለኝ። ልቆጣው አፌን ስከፍት እጁ ላይ ያለውን ስፖንጅ አየሁት፤ ጎማውን ጠርጎ፣ ሳይታጠብ፣ ወደ በሩ እየሄደ ነበር። እንግዲህ ግማሹን እውነት ተናግሯል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ብቻ አልነገረኝም።

በቅቤውና በናፍታው መካከል ለማስታረቅ ቫዝሊን ተሞከረ። እውነት ለመናገር ተአምር ሠራ! ጭረቱ ጠፋ፤ ጋሼ ኮፈኑ ውስጥ ቆባቸውን አስተካከሉ፤ እትዬ እልል አሉ። በሦስተኛው ቀን ከፔዳ በኩል የመጣው አቧራ ሁሉ ተጣብቆበት በርበሬ የተነሰነሰበት ዳቤ መሰለ። አጠብኩት። ጭረቱ ምንም አልጎደለበትም፤ ወንድሞችም ሳያፈራ አልቀረም።

ይህን ሁሉ ከደጃቸው ሆነው ያለ ድምፅ ሲመለከቱ የነበሩት መሪጌታ ናቸው። ቅኔ የተማሩት እዚሁ ጎጃም ዋሸራ ነው። በመቋሚያቸው ኮፈኑን ሊነኩት ሲሉ ልቤ ቆመ፤ ሳይነኩት ተዉት።

«ልጄ፣ ሰሙን ቀባህና ወርቁን አገኘሁ አልክ» አሉኝ።

የዚህን አገር ሰው በሰምና በወርቅ መምከር ለቀባሪው ማርዳት ቢሆንም፣ እንዲህ ቃል በቃል የገጠመልኝ ያን ዕለት ነው። እውነተኛው የመኪና ሰምም ቢሆን እንደዚያው ነው። ቀጫጭኑን ጭረት ሞልቶ ይደብቀዋል፤ ጥቂት እጥበት ካለፈ በኋላ ጭረቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰም የሚቀባው በመጨረሻ፣ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ነው።

ወርቁን ያወጣው አንድ ጋራዥ ውስጥ ማለስለሻ ማሽን ያለው ዝምተኛ ወጣት ነው። ዝም በማለቱ ሰፈሩ አላመነውም፤ የሚያውቅ ሰው እንዴት አያወራም? ኮፈኑን እንደ አዲስ አጠበ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ስስ ነው ብሎ ፕላስተር ለጠፈበት። ከዚያ መሐሉ ላይ አንድ ስንዝር በስንዝር የምትሆን ቦታ መርጦ፣ በጣም ለስላሳውን ስፖንጅና ደቃቁን ማለስለሻ ይዞ፣ እዚያች ላይ ብቻ ሠራ። ጠረገ። የስልኩን መብራት አበራ። ጉሙ ሳስቷል፣ ጭረቱ ግን አለ።

«ለምን ከኃይለኛው አትጀምርም?» አሉት ጋሼ፣ አላስችል ብሏቸው።

«አባቴ፣ የተፋቀ አይመለስም» አለና ነገሩን አስረዳን። ከቀለሙ በላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ልባስ አለ፤ የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ይጠጋል። ጭረት ማስለቀቅ ማለት ከዚህ ከፀጉር ከሚያንስ ላይ ጥቂት ጠርቦ ገጹን ማስተካከል ነው፤ ስለዚህ ጭረቱን በሚያነሣው በትንሹ ኃይል ይሠራል፣ የጣት ጥፍር የሚይዘው ጭረት ከሆነ ደግሞ ይተዋል። እኔ ይህን ስሰማ በቀትር ፀሐይ ጫን ያልኩበትን ክንዴን አየሁት።

አንድ ደረጃ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ቀየረና እዚያችው ስንዝር ላይ ደገመ። ጠረገ። አበራ። ጥቁር! የሌሊት ጣና የመሰለ ጥቁር፣ ዙሪያውን በግራጫ ጉም የታጠረ። ያን ጊዜ ነው ቀሪውን ኮፈን የጀመረው፤ ግማሽ ቀን ፈጀበት።

ጋሼ በነገሩ ተማርከው ያቺን ቀይ አሮጌ ዲኤክሳቸውን አስመጡ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ እንደዞረ ስፖንጁ ደም ለበሰ። «ደማች! አቁም!» ብለው ሲጮኹ ከጎረቤት ጋራዥ ባትላሜራው መዶሻውን ጥሎ መጣ። ልጁ ሳቀ፤ የድሮ መኪኖች ብዙዎቹ ያ የላይኛው ልባስ የላቸውም፣ ስለዚህ የሚፋቀው ራሱ ቀለሙ ነው። ጋሼ አላመኑም። ዲኤክሳቸው እስከ ዛሬ ግማሽ ኮፈኗ ወይን ጠጅ፣ ግማሹ ጡብ ነው።

ሠርጉ ደረሰ። ታጥቤ፣ ተለስልሼ፣ ሰም ተቀብቼ (መኪናዬን ማለቴ ነው) ሽምብጥ ስደርስ የሙሽራው ታላቅ ወንድም በእጁ አስቆመኝ። አጀቡ በሙሉ ነጭ እንዲሆን ተወስኗል። ጥቁር የሐዘን ይመስላል ተብሎ፣ ከኋላ ሁለት ድስት ወጥና ሦስት አክስቶች እንድጭን ተመደብኩ። በዘንባባዎቹ መሐል አልፈን፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ተሻግረን ስንመለስ፣ የአሥራ ሁለት ነጭ መኪና አቧራ የዋጥኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ከኋላ «ፍሬን አታብዛ፣ ወጡ ይፈሳል» ይሉኛል።

ደክሞኝ ሳላጥባት ተኛሁ። ጠዋት ስወጣ እናቴና እትዬ ኮፈኑን ከበው ቆመዋል። አቧራው ላይ፣ አሸዋውን በጣት እየጎተተ በተጻፉ ትልልቅ ፊደሎች፣ «እጠበኝ» ይላል። ልጄ አንደኛ ክፍል ነው፤ ጣቱን ከኋላው ደብቋል።

«አንድም ፊደል አልሳተ!» አለች እናቴ እንባ በዓይኗ ሞልቶ። «አክስቱ አሜሪካ ሆና በፎቶ እስክታየው ድረስ ውኃ እንዳታስነካው።»