ቡችላ፣ ልጅና የሳሎን ምንጣፍ

አገር ቤት ውሻና ልጅ የሚኖሩት በአንድ ግቢ እንጂ በአንድ ቤት አይደለም። ውሻው ቀን ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ልጁ ቀን ይጫወታል፣ ማታ ቤት ገብቶ ይተኛል። ውጭ አገር ይህ ርቀት ይጠፋል። ልጆች የጓደኞቻቸውን ውሻ እያዩ ዓመት ሁለት ዓመት ይነዘንዛሉ፤ አባት «ውሻ ቤት አይገባም» እያለ ይከርምና በመጨረሻ ይሸነፋል። የአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን የጀርመኗ ፍራንክፈርት የ8 ሳምንት ቡችላ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይለቀቃል። ሳምንት ሳይሞላ የልጅቷ ክንድ ተቧጭሯል፣ ፒጃማዋ ተቀዷል፣ እናት መጥረጊያ ይዛ ቆማለች።

ጥፊው፣ እርግጫውና ሰንሰለቱ ከአገር ቤት አብረውን የመጡ ናቸው። እዚያ የሠሩ የመሰሉት ግን ውሻውን ስላስተማሩት አይደለም፤ ውሻና ልጅ ስለማይገናኙ ነው። አንድ ምንጣፍ ላይ ለሚውሉ ሁለት ፍጥረቶች ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፤ እሱም ከውሻው ይልቅ በቤቱ ሰዎች ላይ የሚሠራ ነው።

ቡችላ የሚናከሰው በክፋት አይደለም። እጅ የለውምና ዓለምን የሚዳስሰው በአፉ ነው። 28ቱ የወተት ጥርሶቹ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው፤ ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ እየረገፉ እስከ 7 ወር ድረስ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ በዚያ መሀል ድዱን ያሳክከዋል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ምክንያት እንቅልፍ ማጣት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት መተኛት አለበት። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግን ሁሉም በተራ ያቅፈዋል፣ ያሳድደዋል፣ ፎቶ ያነሣዋል፤ አመሻሽ ላይ ቡችላው ዓይኑ ፈጦ በየክፍሉ ይሮጣል፣ ያገኘውን እግር ይነክሳል። ወላጅ «አበደ» ይላል። መድኃኒቱ ግን ጸጥ ወዳለ ክፍል ወስዶ ማስተኛት ነው። አንድ ሰዓት ከነቃ በኋላ ሁለት ሰዓት እንዲተኛ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው።

ጥርሱ እጅ ላይ ሲያርፍ እጅን መንጭቆ ማውጣት ያባብሳል፤ የሚሸሽ ነገር ለእሱ የሚሳደድ ነገር ነው። እጅን ባለበት ማቆም፣ ድምፅን ማጥፋት፣ ከዚያ ተነሥቶ ደረጃ ላይ ለሕፃናት ከሚገጠመው አጭር በር ወዲያ ማለፍና ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ መቆየት ይሻላል። ተመልሶ ረጋ ብሎ መጫወት፤ ከደገመ መድገም። ሦስት ጊዜ ካስቸገረ የደከመው ቡችላ ነውና የመኝታው ሰዓት ደርሷል። ስልቱ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰቡ አለመስማማት ነው፤ እናት ጨዋታውን ስታቋርጥ አጎት እጁን አፉ ውስጥ ከቶ ያታግለዋል። ቡችላው ከዚህ የሚማረው አንዳንዱ እጅ እንደሚነከስ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ደግሞ ሞክሮ ነው። «አይ!» ብሎ መጮኽ ለአንዳንዱ ይሠራል፤ ሌላውን ግን ጭራሽ ያጋግለዋል። ሁለት ቀን ተሞክሮ ካልሠራ ይቅር።

ለአፉ ሌላ ሥራ ይሰጠው። አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የገመድ መጫወቻ ጥርሱን ከልጁ ጣት ያርቀዋል። ለድዱ ንጹሕ ጨርቅ ውኃ ነክሮ፣ ቋጥሮ፣ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ እስኪሆን ማቆየትና ሰው እያየው ማስኘክ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን አይሆንም፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በነገራችን ላይ ከዶሮ ወጡ የተረፈውም ቢሆን አይሰጠውም፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስ መርዝ ነው፣ በኛ ወጥ ውስጥ ደግሞ ሽንኩርቱ ምን ያህል እንደሆነ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ልጁ። ልጅ ሲነከስ ይጮኻል፣ እጁን ያርገፈግፋል፣ ይሮጣል። ሦስቱም ቡችላን የሚያነሣሱ ናቸው። ስለዚህ ቡችላው ከመግባቱ በፊት ልጁ አንድ ነገር ይለማመድ፦ መቆም፣ ክንዱን ደረቱ ላይ ማጣመር፣ ጫማውን መመልከት፣ ዝም ማለት። ያለ ውሻ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ እየተሳቀ ቢለማመደው በጭንቅ ሰዓት ይመጣለታል። ምግብ እየበላ ወይም ተኝቶ ያለን ውሻ አለመንካት ድርድር የሌለበት ሕግ ነው። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከቡችላ ጋር ብቻውን አይተውም፤ ወጥ ለማማሰል ለሁለት ደቂቃ እንኳ። ወይ ልጁ አብሮ ወደ ማድ ቤት ይሄዳል፣ ወይ ቡችላው ክሬት ወደሚሉት የሽቦ ማደሪያው ይገባል። ማደሪያው ግን የቅጣት ቦታ አይሁን፤ ምግቡን እዚያ እየበላ በሩ ክፍት ሆኖ ይልመደው።

የሐበሻ ቤት የራሱ ፈተና አለው። የነጠላው ዘርፍ መሬት ለመሬት ሲጎተት ለቡችላ ከዚያ የበለጠ መጫወቻ የለም። ረከቦቱ ሲኒውን እንደያዘ፣ ከሰሉና የጋለው ጀበና ጭምር፣ በአፍንጫው ትክክል ነው። እንግዳው በሩን ሲያልፍ «ኡ! ያዙልኝ!» ብሎ ሶፋ ላይ ይወጣል፤ ልጆቹም ተከትለው ይንጫጫሉ። ቡችላው ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት እንግዳ ማለት የሚዘል መጫወቻ መሆኑን ነው። ቡናው ከመቆላቱ ግማሽ ሰዓት በፊት አንሸራሽሮ፣ አሸንቶ፣ የሚያኝከው ነገር ሰጥቶ ሌላ ክፍል ማስገባት እንግዳንም ውሻንም ማክበር ነው። ቤቱ የጸሎት ቤት ከሆነበትና ውሻ ዕቃ እንዳይነካበት ከሚፈልግ ዘመድ ጋር መከራከርም አያስፈልግም፤ በሩ ከተዘጋ ነገሩ አለቀ።

ፈረንጁን ግን በሁሉም እንከተለው ማለት አይደለም። «የቤተሰባችን አባል ነው» እያሉ ሕፃን ውሻው ላይ ሲጋልብ፣ አንገቱን ሲያንቅ በቪዲዮ የሚቀርጹ አሉ። ውሻው ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፤ ይህ ሁሉ «በቃኝ» ነው፣ እነሱ ግን ይስቃሉ። ትንንሽ ልጆችን አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው የማያውቁት ውሻ ሳይሆን የቤታቸው ወይም የዘመዳቸው ውሻ ነው፤ ቁመታቸው አጭር ነውና ፊታቸውን ነው የሚያገኛቸው። በኛ ወገን ያለው ስሕተት ደግሞ ሲያጉረመርም መምታት ነው። ሲመታ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱን ግን አይተውም፤ በሌላ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ይነክሳል። ሰውነቱ ልል ሆኖ እየዘለለ የሚናከስ እየተጫወተ ነው። ደርቆ፣ ባለበት ቀጥ ብሎ፣ ሳሕኑ ላይ ወይም አጥንቱ ላይ የሚያጉረመርም ቡችላ ግን ሐኪም ወይም ባለሙያ አሠልጣኝ ይየው። ነገሩ የገንዘብም ነው፤ እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች ውሻው ነክሶ ባያውቅም ባለቤቱ ከመጀመሪያው ንክሻ ጀምሮ ተጠያቂ ነው።

አገር ቤትም እየተለወጠ ነው። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ታቅፎ ከሚሸጠው «ጀርመን ሼፐርድ» ብዙው ገና ወር የሞላው ነው። ቡችላ የንክሻውን ኃይል መቆጣጠር የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል ነው፤ አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ይጮኽና ጨዋታው ይቆማል። ጀርመን ውስጥ 8 ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ ከእናቱ መለየት በደንብ የተከለከለ ነው፤ በዚያው ደንብ ውሻን አስሮ ማኖርም ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር አይፈቀድም። በኛ ዘንድ ደግሞ ቡችላው ገና የወር ሕፃን ሳለ ጆሮው ተቆርጦ፣ «ኃይለኛ ይሁን» ተብሎ ቀኑን ሙሉ ይታሰራል። እውነት ነው፣ ኃይለኛ ይሆናል፤ ሌባውንና የጎረቤቱን ልጅ መለየት ግን አይማርም። የገጠሩ ቡችላ በዚህ በኩል ከከተሜው ይሻላል፤ ከእናቱ ሥር ያድጋል፣ ሰውም ከብትም እያየ ይለምዳል። ከተማ ውስጥ የሚቻለው ሻጩን ማስጠበቅ ነው፤ ገንዘቡን ቀብድ አድርጎ ሁለት ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጋር ማቆየት። በሰንሰለት ፋንታ ጥላ ያለው 3 በ3 ሜትር የሽቦ አጥር መሥራትም ብዙ ግቢ ውስጥ ይቻላል። ልጆች ከሽቦው ወዲህ ሆነው ምግብ ቢወረውሩለት ልጅ ማለት ድንጋይ አለመሆኑን ይማራል።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱን አገር ማመሳሰል አይቻልም። ሜሪላንድ ውስጥ የተከተበ የቤት ቡችላ ጥርስ ልጅ ቢያቆስል ጉዳዩ በአብዛኛው ቁስሉን ማጽዳትና ሐኪም ማሳየት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም ሰው ይገድላል፤ ቡችላም ያስተላልፈዋል። ሰውን ከሚይዘው የዚህ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ ነው፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለክረምት ዕረፍት አገር ቤት የሚሄዱ፣ ያገኙትን ቡችላ ማቀፍ የለመዱ የውጭ አገር ልጆች ቀድሞ ይነገራቸው። ጥርስ ቆዳ ከጫረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁሉ ፓስተር የሚለውን የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያውቃል። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ከክትባቱ ጋር ይጠመቅ፣ በክትባቱ ፋንታ ግን አይሁን። የነከሰው ውሻ ከታወቀ ታስሮ 10 ቀን ይታያል፤ በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰ ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም፣ ሐኪሙም የቀረውን ክትባት ሊያቋርጥ ይችላል። ሰፈሩ ተሰብስቦ ውሻውን በድንጋይ ከገደለው ይህ ዕድል ይቀራል፤ ልጁም ክትባቱን እስከ መጨረሻው ይወስዳል።