ኢቡስ ረስታርት

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ ወቀሳ ግን ሞልቶታል።

ሐሙስ ዕለት የስብሰባ ማስታወቂያ ልጽፍ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የእህቴ ልጅ «ቫይረስ አይዘውም» ብሎ ዊንዶውሱን አጥፍቶ በምትኩ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ከጫነልኝ ወር አልሞላውም። እውነትም ቫይረስ አልያዘውም። የተያዝኩት እኔ ነኝ።

«ለእድራችን አባላት በሙሉ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። ፊደላችን እኮ በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ጉዱ የመጣው የፎቶ ኮፒ ቤቱን ኢሜይል ልጽፍ ስል ነው። እንግሊዝኛ አልመጣም። በለመድኩት አልት እና ሺፍት ሞከርኩ። ወይ ፍንክች!

ባለቤቴ «አጥፍተህ አብራው» አለችኝ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤታችን «የኛም ቴሌቪዥን እንዲህ አድርጎት ነበር፣ ጎኑን መታ መታ አድርገው» አለች። አገራችን የሐኪም እጥረት አለባት እንጂ የመድኃኒት አዛዥ እጥረት የለባትም።

ለልጁ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ተርሚናል የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ ይክፈቱና ‹አይባስ ሪስታርት› ብለው ይጻፉ። አማርኛ የሚያስጽፍዎትን ፕሮግራም እንደገና ያስነሳዋል።»

ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ኢቡስ ረስታርት» ነው። ማሽኑ እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም አለ። አልፈርድበትም፤ እኔም አላውቅም። «በሱዶ፣ ማለትም በአለቃ ሥልጣን ይሞክሩ» አለኝ። «ሱዶ» ብሎ ቁጭ! አማርኛውን የሚፈታው ትእዛዝ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ አማርኛው አስሮታል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ገጭ ማድረግ በሉት።

«እንግዲያው የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ይጫኑ።»

«ዊንዶውስን አባረርኩት አላልክም?»

«እዚህ ስሙ ሱፐር ነው፣ ጋሼ።»

ስሙን ቀይሮ እዚያው ቤት ተቀምጧል ማለት ነው። ተጫንኩት። ሠራ! ወደ ማስታወቂያው ስመለስ አማርኛ፣ ወደ ኢሜይሉ ስሄድ እንግሊዝኛ ይጠብቀኛል። ለካስ ልጁ እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ቋንቋ እንዲይዝ አድርጎታል። ይሄንን አመል አውቀዋለሁ። የኔም ልጆች ሳሎን አማርኛ፣ መኝታ ቤት እንግሊዝኛ ናቸው።

ማስታወቂያውን የላክሁት ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ወዲያው የእድሩ ዳኛ ደወሉ።

«ጸሐፊው፣ ስብሰባው ከ10 ሰዓት ጀምሮ በጡሩምባ ተለፍፏል። ነፊው ቁልፍ አልጠፋበትም።»