ለማይጫወቱት ምስጋና ይድረሳቸው

ጎንደር ላይ ጊታር ለመግዛት ብር ብቻ አይበቃም። አማካሪም ያስፈልጋል። ደግነቱ አማካሪ እንደ ብር አይጠፋም፤ ሞልቷል። መፈለግም አያሻም፣ ራሱ ፈልጎ ያገኝሃል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብሎ የተረተው ሰው ምቀኛ መሆን አለበት። ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው የት ይገኛል? እኛ ሠፈር ግን በየደጃፉ አለ።

ይህን ጸጋችንን በደንብ ያየሁት የእህቴ ልጅ ጊታር ልግዛ ባለ ጊዜ ነው። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ክረምቱን ሙሉ የሰው ሞባይል ሲጠግን ቆይቶ 12,000 ብር አጠራቅሟል። የፈለገው ቦክስ ጊታር ነው። «ለመጀመሪያ የሚሆን ይሁን እንጂ ሌላ አልፈልግም» አለኝ። እኔ ስለ ጊታር የማውቀው ክር እንዳለው ነው። «ቅዳሜ ጠዋት ጃንተከል ዋርካው ጋ እንገናኝና አብረን እንገዛለን» አልኩት። የተቀጣጠርነው ሁለት ሆነን ነው። ስንገናኝ ሰባት ነበርን።

አንደኛው የሠፈራችን ባለ ባጃጅ ነው። እሱ የሙዚቃ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ኪቦርድ ተጫዋች ከነኪቦርዱ ጭኖ አዘዞ አድርሷል። ሁለተኛው ጋሼ ናቸው። የእሳቸው ወንድም በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበሩ፣ ከበሮ መቺ። ሦስተኛው አናጢ ነው። «ጊታር እንጨት ነው አይደል? እንጨት ደግሞ የኔ ነው» ብሎ ሥራውን ዘግቶ መጣ። አራተኛው የልጁ ጓደኛ ነው፤ ቲክቶክ ላይ ብዙ አይቷል። አምስተኛው ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ማን እንዳመጣው አላውቅም። ሠርግ ላይ ጊታር ይጫወታል አሉ። ይህ የመጨረሻው ሰው ምን ሊያደርግ እንደመጣ ለማናችንም ግልጽ አልነበረም።

ፒያሳ ወጣን። ሱቁ ውስጥ ጊታሮቹ በአንገታቸው ተሰቅለዋል፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እንደ ማር የሚያበራ፣ ጥቁር። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በቀለም አለቀ። ደግሞስ ባያልቅ ነበር የሚገርመው! የጊታር ዋናው ነገር ከሩቅ መታየቱ ነው። ባለ ባጃጁ አንዱን አውርዶ ፊቱን አየበት፣ ፀጉሩንም አስተካከለ። «ይሄ ጥሩ ነው» አለ። እውነት ለመናገር እኔም ዝም አላልኩም። «ጥቁሩ ግርማ ሞገስ አለው» ብያለሁ። ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ሁሉም ሲናገር ዝም ማለት ግን ያስነውራል።

እናቴ እንዲህ አይነት ሥልጡን አገዛዝ አታውቅም። ጀበና ለመግዛት ወለቃ ስትሄድ ቀለሙን ቀና ብላ አታይም። ጀበናውን በአንገቱ አንጠልጥላ ሆዱን በጥፍሯ መታ ታደርገዋለች። ጆሮዋን ጠጋ ታደርጋለች። ክልል ካለ ትገዛለች፣ ቧ ካለ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሸክላ ሠሪዋ ስንት ብትምል አትሰማም። ያልተማረች ስለሆነች ነው።

ተራው የአናጢው ደረሰ። አንድ ቀለል ያለ፣ ያልተቀባ፣ የእንጨት መልክ ያለው ጊታር አንስቶ በቀዳዳው ጠርዝ አየው። ፊቱ ተለወጠ። «ኮምፔንሳቶ ነው!» አለ፣ የሞተ አይጥ ያገኘ ይመስል። ሁላችንም በአንድነት ደነገጥን። እውነቱን ነበር፤ ጠርዙ ላይ ድርብርቡ ይታያል። በዚህ ብር የሚገኝ ጊታር አብዛኛው እንደዚያ መሆኑን፣ ለጀማሪ ምንም እንደማይል፣ እንዲያውም በበጋችን ድርቀት ከአንድ ወጥ እንጨት ይልቅ መሰንጠቅን የሚቋቋመው እሱ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን አንድ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ማን ይጠይቀዋል?

አናጢው ቀጥሎ ጊታሮቹን በእጁ ይመዝን ጀመር። ልክ በግ እንደሚገዛ ሰው፣ ከሥር ገብቶ ከፍ ዝቅ። «ይሄ ከባድ ነው፤ ይሄ ነው ጊታር» አለ። ጥቁሩ ነበር። የጊታር የፊቱ እንጨት ስስ፣ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነው በሽታ ኖሮበት አይደለም፤ ካልተንቀጠቀጠ ድምፅ ስለማይወጣው ነው። ለቁም ሳጥን ግን ከባዱ እንደሚሻል አናጢያችን አልተሳሳተም። ጥቁሩስ ኮምፔንሳቶ አይደለም ወይ ብትሉኝ፣ ቀዳዳው ጠርዝ ድረስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ያልታየ ነገር የለም።

ጋሼ እስካሁን በትዕግሥት ቆመው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስንት ክር ነው ያለው?»

«ስድስት፣ ጋሼ።»

«በገና ስንት አለው?»

«አሥር።»

«እና የፈረንጅ መሣሪያ ከበገና ያንሳል? አሥራ ሁለት ክር ያለው የለም?»

ባለ ሱቁ አለ አለ። ዋጋውም ብዙ አይርቅም። ጋሼ ወደ እኛ ዞር ብለው አዩን፤ በትንሽ ጭማሪ ሁለት እጥፍ ክር! በሒሳብ የሚረታቸው ጠፋ። አሥራ ሁለቱ ክር ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንደሚሄድ፣ ጀማሪ ጣት አንዱን መጫን ሳይችል ሁለቱን ተጫን እንደሚባል፣ መቃኘቱም እጥፍ ራስ ምታት እንደሆነ ማን ልብ ይላል? አንድ የፈረስ ጭራ ባለው ማሲንቆ ስንቱን ሲያስቅና ሲያስለቅስ የኖረ አዝማሪ ያለበት ሀገር ላይ ቆመን ክር ማነሱ አሳፈረን። ለነገሩ ያዳነን ብሩ ነው። አልደረሰም።

ባለ ባጃጁ ደግሞ መሰኪያ ያለው ይሁን ብሎ ሙግት ገጠመ። «ነገ መድረክ ላይ ቢጠራስ?» አለ። ልጁ ገና ጊታር በየትኛው እጅ እንደሚያዝ አያውቅም። ቤታቸው ማጉያ የለም፤ መብራቱም እንደምታውቁት ነው። በ12,000 ብር ጊታር ላይ መሰኪያና ቁልፍ ሲጨመር የሆነ ቦታ ላይ አንድ ነገር መቀነሱ አይቀርም፤ እሱም እንጨቱ ወይም አሠራሩ ነው። ግን መድረኩን አስቡት። ጥቁሩ መሰኪያ ነበረው። ደስ አለን።

እዚህ መሀል ቀጭኑ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«ልቃኘውና ልስማው?» አለ።

«ቆይ አንተ፣ አትቸኩል» አሉት ጋሼ።

አልቸኮለም። ሙያ በልብ ነው ብሎ ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

የልጁ ጓደኛ የነገሩን ቁም ነገር ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛው ጊታር የናይለን ክር ነበረው፤ ለጣት ለስላሳ፣ ለጀማሪ የማያደማ። ጓደኛው ናቀው። «ናይለን የልጅ ነው። እሱን እንግዛና የብረት ክር እንቀይርለት» አለ። ብልኅነቱ አስደነቀኝ። የብረት ክር ስድስቱ አንድ ላይ ሲወጠሩ ወደ 70 ኪሎ ይስባሉ፤ ናይለኖቹ ግን ወደ 40 ናቸው። ለ40 ኪሎ በተሠራ ጊታር ላይ 70 ኪሎ መስቀል ማለት የአህያን ጭነት በፍየል መጫን ነው። ክሩ የሚታሰርበት እንጨት ከነሙጫው አንድ ሌሊት ተነቅሎ ያድራል። ያኔም ቢሆን አማካሪው አያፍርም፤ «ጊታሩ ፎርጅድ ነው» ይላል። ምክር እንጂ ኃላፊነት አልሰጣችሁም።

ጎንደር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1636 ስትቆረቆር እነዚህ ሰዎች አለመኖራቸው ለአፄ ፋሲል ትልቅ ዕድል ነው። ቢኖሩ ኖሮ ግንቡ አሁንም በቀለም ምርጫ ላይ ነው።

ቀጭኑ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ተናገረ። ማራኪ በኩል ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ወደ ሀገሩ ሊሄድ ሲል ጊታሩን እየሸጠ ነው አለ። ያማሃ፣ ሲ 40፣ ናይለን፣ ደህና የተያዘ። ዋጋውም ከያዝነው ብር ያንሳል። ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሰው እጅ የነካው ነገር ለመጀመሪያ አይሆንም» አሉ። ባለ ባጃጁ ተስማማ። ባጃጁን ከሦስተኛ ሰው ነው የገዛው።

ጥቁሩ ተገዛ። ጭንቅላቱ ላይ ትልቅ የታወቀ ስም ተለጥፏል፤ ከስሙ አንድ ፊደል ይጎድላል፣ እሱም ቢሆን ከሩቅ አይታወቅም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰባት ሰው ሲመርጥ ማንም አንዲት ክር አልመታም። ሳይቃኝ ገዛነው። በመንደራችን ሙሽራም ድሮ እንዲህ ነበር የሚመረጠው፤ ቤተ ዘመድ ያያል፣ ተጋቢው በኋላ ይሰማል።

600 ብር ተርፎ ነበር። ቀጭኑ ልጅ «ለመለዋወጫ ክርና ለክር መምቻዋ ፒክ ይሁን፤ መቃኛውንስ በስልኩ በነፃ ያወርዳል» ብሎ ነበር። ነገር ግን ይህን ያህል የደከመ ጉባኤ ሳይቀመጥ ሊበተን አይችልም። ማኪያቶና ኬክ ሆነ። ጥቂት ብር እኔ ጨመርኩ።

ወደ ሠፈር ስንመለስ ከቀጭኑ ልጅ ጋር ወደ ኋላ ቀረን። እንዴት ነበር መመረጥ የነበረበት አልኩት። በመንገዱ ላይ፣ እንደ ነገሩ፣ እንዲህ አለኝ፤ መጀመሪያ መቃኘት ነው፣ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። ከዚያ አንዱን ክር ባዶውን መምታት፣ ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ተጭኖ መምታት። ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ቀጥኖ መምጣት አለበት፤ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ነውና። ካልመጣ ጊታሩ ዕድሜውን ሙሉ ይዋሻል። እዚያው ቦታ ላይ ክሩ ከፍሬቱ የሚርቀው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር፣ ለናይለን ቢበዛ 4 ነው። ከዚያ ከራቀ ልጅ ጣቱ ይቆስላል፣ ጊታሩን ይሰቅለዋል። መጨረሻም አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ማየት፣ ጠምሞ እንደሆነ። «ሁሉም አምስት ደቂቃ ነው» አለ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ጥያቄዬ እንዳሳፈረኝ አልደብቅም።

ቤት ስንገባ እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ጊታሩ በየተራ ተያዘ፣ በየተራ ፎቶ ተነሳ። ጋሼ እንኳ ይዘውት ተነሱ፣ በግራ በኩል ገልብጠው። ለጊታሩ ግድግዳ ላይ ሚስማር ተመታለት፤ ከምድጃው ትይዩ፣ ጭሱና ሙቀቱ በደንብ እንዲያገኘው። አናጢው ነው የመታው።

«እስቲ አምጡት» አለች እናቴ።

ሰጧት። በአንገቱ ይዛ አንጠለጠለችው። ሆዱን በጥፍሯ መታ አደረገችው፣ አንዴ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብላ። ጆሮዋን አስጠጋች። በሦስተኛው ምት ከውስጥ አንዲት ነገር ኮሽ አለች።

«የኔ ልጅ» አለች የልጅ ልጇን፣ «ይሄ ሆዱ ውስጥ የተላቀቀ ነገር አለ።»

ቤቱ ሳቀ። ባለ ባጃጁ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እማማ፣ ጊታር እኮ ጀበና አይደለም!» አላት።

እናቴም አብራ ሳቀች፤ ጊታሩን መልሳ ረከቦቱን ሳብ አደረገች። ቀጭኑ ልጅ የስልኩን መብራት አብርቶ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ተመለከተ። ብዙ ቆየ። ከዚያ መብራቱን አጥፍቶ ሲኒውን ተቀበለ። አሁንም የጠየቀው ሰው አልነበረም።