እርማት፦ የስልክ ከፍታ ቁጥር የተራራ ጫፍን አያረጋግጥም

«ስልኩ ካርታው ላይ ያለውን ከፍታ ካሳየ ጫፉ ላይ ናችሁ» የሚለው ምክር ትክክል አይደለም። የጂፒኤስ የከፍታ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ከአግድሙ ይበልጣል፤ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ደግሞ ይብሳል። በ2 ሜትር ብቻ የሚበላለጡ ጉብታዎችን ስልክ አይለይም። የኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ የካርታ መስመር) ልዩነቱ 20 ሜትር የሆነ ካርታም ቢሆን አይለያቸውም።

ይልቅስ በመጨረሻው ዝግ ኮንቱር ውስጥ ያሉትን ጉብታዎች በሙሉ ርገጡ። ከአንዱ አናት ላይ ቆማችሁ በእጅ ውሃ ልክ (አግድም መስመርን በሚያሳይ ትንሽ የማነጣጠሪያ መሣሪያ) ወደ ሌላው አነጣጥሩ። አግድም መስመሩ የዚያኛውን መሬት ከነካ፣ ያኛው ቢያንስ በዓይናችሁ ቁመት ይበልጣል። ከመሬቱ በላይ ካለፈ ግን ገና አልተወሰነም፤ ዓይናችሁን እስከ መሬት አውርዳችሁ ድገሙት። የዛፎቹን አናት ፈጽሞ አታወዳድሩ፤ ረጃጅም ዛፎች ዝቅተኛውን ጉብታ ከፍ ያለ ያስመስሉታል።