እስቲ ያንን መከለያ መልሳችሁ ግጠሙት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው። ከማሽን ጋር የምንውል ሰዎች አንድ ክፉ ልማድ አለን። የሚሽከረከረውን ወይም የሚቆርጠውን ክፍል የሚሸፍነውን መከለያ እንፈታለን። «ሥራ ያጓትታል»፣ «አያሳይም»፣ «ለአንድ ደቂቃ ነው» እንላለን። ከዚያ መከለያው ጥግ ተጥሎ አቧራ ይለብሳል፣ ብሎኖቹ ይጠፋሉ፣ ከወራት በኋላ የሚቀጠረው ልጅ ደግሞ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣም እንደዚያው ራቁቱን የነበረ ይመስለዋል።

ብረት የምንቆርጥበትንና የምንሞርድበትን ግራይንደር ተመልከቱ። በትንሹ ዲስክ፣ በ115 ሚሊ ሜትሩ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 13,300 ዙር የሚል ተጽፏል። በትልቁ፣ በ230ው ላይ ደግሞ 6,600 ገደማ። ቁጥሩ ለጌጥ አልተጻፈም። የዲስኩ ጠርዝ በሴኮንድ ከ80 ሜትር በላይ እንዳይሮጥ የተቀመጠ ጣሪያ ነው፤ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እኛስ ምን እናደርጋለን? ትልቁ ዲስክ አልገባ ሲለን መከለያውን ፈትተን በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ በሚዞረው ትንሹ ግራይንደር ላይ እንገጥመዋለን፣ ያውም ያለ መነጽር። ሲፈነዳ ፊት ይሁን አንገት ይሁን ጭን፣ የሚያገኘውን ነው የሚቆርጠው። መሃሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት የአገልግሎት ማብቂያው መጻፉንስ ስንቶቻችን አይተናል?

ጓንት ደግሞ ሁሌም የሚጠብቅ የሚመስላችሁ አላችሁ። በድሪል ማሽንና ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ቶርኖ ላይ ጓንት ጠላት ነው። የሚሽከረከረው ነገር የጓንቱን ጫፍ ከያዘ ጣቱን፣ ከዚያም ክንዱን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ለመጮህ እንኳ ጊዜ የለም። ያልተቆለፈ እጅጌ፣ ሻርፕ፣ ቀለበት፣ የተለቀቀ ፀጉር ያው ነው። የብረቱን ፍቅፋቂ በብሩሽ ጥረጉ፣ በእጅ አይደለም። ቱታውን በኮምፕሬሰር የሚያራግፈውም ይስማ፤ ያ አየር ዓይን ያጠፋል፣ በቁስል በኩልም ሰውነት ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ማሽን እጅ የሚበላው ደህና እየሠራ ሳለ ብቻ አይደለም። ሲታነቅ፣ ሲጸዳ፣ ቺንጋው ሲወልቅም ነው። አንዱ እጁን ሰዶ የታነቀውን ሲያወጣ ሌላው ከወዲያ «ማነው ያጠፋው?» ብሎ ያበራዋል። ጥፋተኛው ማነው? ሁለቱም ናቸው፣ አለቃቸውም ተጨምሮ! ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። መብራቱን የሚቆርጠውን ብሬከር አውርዱ፣ የራሳችሁን ጓጉንቸር ቆልፉበት፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፣ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ አንጠልጥሉ። ሦስት ሰው የሚጠግን ከሆነ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠልጠል። «ፎርማኑ ጋ ቁልፍ አለ» የሚባል ነገር አልቀበልም፤ ፎርማኑ ስልክ ሊያናግር ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ከቆለፋችሁ በኋላ ማስነሻውን ተጭናችሁ እውነትም መሞቱን አረጋግጡ። መብራት ስለጠፋ ብቻም ጉልበቱ አለቀ ማለት አይደለም። የማሽኑ ከባድ መዘውር ገና እየዞረ ይሆናል፣ በዘይት ግፊት በሚሠራው ሃይድሮሊክ ውስጥ ግፊት ይቀራል፣ የተነሣው የገልባጭ መኪና ሳጥን በጠንካራ ድጋፍ ካልተያዘ ሥሩ ያለውን ሰው ይጨፈልቃል።

«ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን አልነካኝም» የምትሉ አንጋፎች፣ እናንተን በተለይ ነው የምናገረው። ሳታዩ እጃችሁን የምትሰዱት እናንተ ናችሁ። ረዳቱም የሚማረው ከአፋችሁ አይደለም፣ ከእጃችሁ ነው።

አሠሪዎችም አታምልጡኝ። በቁጥር እየከፈላችሁ፣ «ዛሬ ስንት አወጣህ?» እያላችሁ፣ የማሽኑ በር ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው ማጥፊያ በቴፕ ታስሮ ስታዩ ዝም ካላችሁ ያሰራችሁት እናንተ ናችሁ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው 119ኛው ስምምነት ነገሩን ያኔ ጨርሶታል፤ መከለያው በቦታው በሌለበት ማሽን ማንም ሠራተኛ አይሥራ፣ እንዲሠራም አይገደድ ይላል። ሠራተኛውም ራሱ መከለያውን ከጥቅም ውጪ እንዳያደርግ ይከለክላል። ስለዚህ «አለቃ አዞኝ ነው» እና «ሠራተኛው ነው የፈታው» መባባሉን ተዉት።

ነገ አዲስ ልጅ ሲመጣላችሁ ደግሞ ሥራውን ከማሳየታችሁ በፊት ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ አሳዩት። በቃል ብቻ አይደለም። ማሽኑ እየዞረ፣ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ፣ ራሱ ተጭኖ ያቁመው። ካላቆመ ማሽኑ እስኪጠገን ማንም አይንካው።