«አለ» ሲጠብቅና ሲላላ

«አለ» ሁለት ፊደል ናት። «ለ»ን ጠበቅ ካደረጓት ነገሩ በቦታው ተገኝቷል ማለት ነው። ላላ ካደረጓት ደግሞ እገሌ ተናገረ ማለት ነው። በጽሑፍ ሁለቱ አይለዩም። ይህ ቅኔ ውስጥ ሲገባ ሰምና ወርቅ ይባላል፤ የጋራዥ የደኅንነት መፈተሻ ቅጽ ውስጥ ሲገባ ግን «ተሟልቷል» ይባላል።

«እሳት ማጥፊያ?» «አለ!»

«ማስክ?» «አለ!»

«የዓይን ማጠቢያ?» «አለ፣ አለ፤ ያውና ከተነቀለው ኮፈን ኋላ!»

ተቆጣጣሪው ይጽፋል። አጥብቆ ይጻፈው አላልቶ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እኔ ስገምት ግን በአብዛኛው የላላው ነው፤ የጋራዡ ኃላፊ አለ፣ እሱም ጻፈ።

ሰሞኑን ደግሞ ቅጹ ስልክ ውስጥ ገብቶ አረፈው። ጣት ጫን ሲያደርገው አረንጓዴ ምልክት ብቅ ይላል። አርባው ጥያቄ ፓራፋንጎ ላይ የተረጨው ፕራይመር ሳይደርቅ ያልቃል። በወረቀቱ ጊዜ ቢያንስ እስክሪብቶ ሲፈለግ ዓይን ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። አሁን ዓይን ስልኩ ላይ ተተክሎ ይቀርና እግርን የኦክስጅን ቦምቦላው ሰንሰለት ያደናቅፈዋል። ሰንሰለቱ መሬት የወደቀው ቦምቦላውን ማሰር ሲገባው ስላላሰረ ነው። ቅጹ ግን የሚጠይቀው «ሰንሰለት» ብሎ ብቻ ነው። አለ፤ በእግርም ተረጋግጧል።

ማስኩን እንይ። ማስኩ በእርግጥ አለ፤ ጠብቆ አለ። ምስማር ተመቶለት ከቲነር ቆርቆሮው በላይ ተንጠልጥሏል። ካርትሬጁ፣ ማለትም ትነት የሚያጣራው ቆብ፣ ውስጥ ያለው ከሰል ግን ሰው አጠለቀው አላጠለቀው ግድ የለውም፤ ክፍት እስከሆነ ድረስ ያገኘውን ትነት ይጠጣል። ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ማስኩ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ሲሠራ ያድራል። ጠዋት ባለቤቱ ሲያጠልቀው ከሰሉ ጠግቦ፣ ፊት ላይ ጎማ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ የሚጠየቀው «ማስክ አለ ወይ?» ሳይሆን «ማስኩ የት ነው የሚያድረው?» ነው። ማደሪያው አየር የማያስገባ ከረጢት ወይም ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ መሆን አለበት፤ ካርትሬጁም የተከፈተበት ቀን ይጻፍበታል። ያ ከሌለ ምስማሩን ንቀሉትና ቅጹ ላይ «የለም» በሉ።

ይህ ሁሉ ለቲነር ነው። ከሀርድነር፣ ማለትም ከማጠንከሪያው፣ ጋር ተደባልቆ የሚረጨው ቀለም ሲመጣ የከሰል ማስክ ጭራሹኑ አይበቃም። ሀርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ፤ ይህችን አጥብቃችሁ አንብቡ። ሳንባ በሚጎዳበት መጠን እንኳ ሽታ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ «ሲሸትህ ካርትሬጅ ቀይር» የሚለው የድሮ የጋራዥ ሕግ እዚህ አይሠራም፤ አፍንጫ ምንም ሳይሰማት ሳንባ ይመዘግባል። ለዓመታት ምንም ሳይሆን ሲረጭ የኖረ ሰው አንድ ቀን ሰውነቱ ይቆጣበታል። ከዚያ ወዲያ በጣም ጥቂቷ ትነት አስሙን ትቀሰቅሰዋለች፤ ሙያውን እስከመተው የሚደርስም አለ። ሳሉና የደረት መታፈኑ ሥራ ላይ ሳይሆን ማታ ቤት ሊመጣ ስለሚችል «ብርድ መታኝ» ተብሎ ይታለፋል። በማግስቱ ያው ቀለም፣ ያው ምስማር፣ ያው ማስክ።

ለዚህ ቀለም የሚያስፈልገው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው። «አለ» ሲባል ቱቦውን ይዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ የሚያልቀው ኮምፕሬሰሩ ጋ ነው። ኮምፕሬሰሩ አየር የሚስብበት አፍ ሞተር ከሚፈተሽበት ቦታ አጠገብ ከሆነ ቀለም ቀቢው በቱቦ የሚጠጣው የጭስ ማውጫ ጋዝ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም። ማጣሪያው ሥር ውኃና ዘይት መጠራቀሙን፣ አየሩ ሲያንስ የሚያስጠነቅቅ ፊሽካ ወይም ጌጅ (የግፊት መለኪያ) መኖሩን እዚያው ማየት ይቻላል። ጎንበስ ማለት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ለነገሩ ስልክ ይዞ መጎንበስ አይመችም።

ቀለም ቀቢው መርጨቱን ሲጨርስ የሚያደርገውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፊቱን መከለያ ወደ ላይ ገለበጥ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ቀለሙ ፈሰሰ አልፈሰሰም ብሎ በብርሃኑ አቅጣጫ ያያል። ሥራውን የሚወድ ሰው ነውና አይፈረድበትም። ግን ደቃቁ ጉም ገና አልወጣም፤ ዓይን የማያየው ክፍሉ ውስጥ እየዞረ ነው። ሳንባው በዚህች የማድነቂያ ሰዓት ብዙ ሊቀበል ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማራገቢያው እየሠራ ፎርኖውን፣ ማለትም ቀለም የሚረጭበትን ክፍል፣ በጭስ ማመንጫ ጭስ መሙላት፣ ጭሱ ጨርሶ እስኪጠፋ ሰዓት መያዝ፣ የተገኘውን ደቂቃ በሩ ላይ መለጠፍ። ደህና ፎርኖ በ5 ደቂቃ ገደማ ያጸዳል፤ በፕላስቲክ መጋረጃ የተከለለ ተራ ክፍል 20 ደቂቃ ሊፈጅ፣ ሊያልፍም ይችላል። ያ ደቂቃ ሳይሞላ መከለያ አይገለበጥም፣ ማራገቢያም አይጠፋም። ቅጹ ስለዚህ ሁሉ የሚጠይቀው «የአየር ማስወጫ» ብሎ ነው። አለ።

እዚህ ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ሳላነሳ አላልፍም። ከዚህ የተሻለ የደኅንነት መመሪያ በየትኛውም ቋንቋ መጻፉን እጠራጠራለሁ። ሁለት ቃል፤ ቤት መትቶ፣ አባሪም አያስፈልገውም። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፤ ቅጠሉ ምን ዓይነት ቅጠል እንደሆነ አይናገርም። የሚነድ ቲነር ላይ ባልዲ ውኃ ይዞ የሚሮጠውም ሰው በራሱ ቤት ቅጠል ይዟል። ቲነር ግን ከውኃ ይቀልላል፤ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ቀጥሎ ወደቆመው መኪና ይሄዳል። ለእንዲህ ያለው እሳት ቅጠሉ ፓውደር፣ ፎም ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ካለበት ከ15 ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ በመውጫው በኩል። ከቀለም መጋዘኑ ውስጥ የተሰቀለ ማጥፊያ ለማግኘት መጀመሪያ እሳቱ ውስጥ መግባት ይጠይቃል።

ፓውደሩ ቆሞ ከቆየ ከሥር ይረጋል፤ የጌጁ መርፌ አረንጓዴ ላይ ሆኖ ሲጫኑት ጋዙ ብቻ ፉት ብሎ ሊያልቅ ይችላል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማጥፊያ ደግሞ ከነጭራሹ ጌጅ የለውም፤ ሙሉ መሆኑ የሚታወቀው በሚዛን ነው። አሁን ቅጹን ተመልከቱ፦ «የማጥፊያው ጌጅ አረንጓዴ ላይ ነው?» መልስ፦ «አዎ»። የሌለ ጌጅ አረንጓዴ ላይ ተገኘ! ቅኔ ቤት ቢሆን ጉድ ያሰኝ ነበር።

ከዚህ የከፋው ቅጠሉ ራሱ ሲቃጠል ነው። የተጎዳ የመኪና አካል የሚሞላበትን ስቱኮ የሚያበጀውን ልጅ እጅ ተከተሉ። ሀርድነሩ በክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው የሚገባው። ልጁ ግን ቶሎ እንዲደርቅለት ከቱቦው ረዘም አድርጎ ይጨምቃል። ስቱኮው ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ ሀርድነር በበዛ ቁጥር፣ ደግሞም በተቆለለ ቁጥር ይብሳል። የተረፈው ጉብታ ገና እየጋለ ከሰሌዳው ተፍቆ ወደ ቆሻሻ በርሜሉ ይጣላል። በርሜሉ ውስጥ ምን አለ? መሸፈኛ ወረቀት፣ የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ፣ በቲነር የራሰ ጨርቅ። ሰዓቱ 11፡30፤ ሁሉም ልብሱን እየቀየረ ነው። የራሰ ጨርቅ ለብቻው፣ ራሱ የሚገጥም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ በየቀኑም ይደፋል። የስቱኮ ትራፊ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ሰሌዳው ላይ ተዘርግቶ ይቆያል። ይኸው ነው፤ ሥልጠና እንኳ አያስፈልገውም።

ስለ ብናኝ ከተነሳ አንድ ያረጀ ቂም አለኝ። በኮምፕሬሰር አየር ልብሱን የሚያስነፋ ሰው! ሲያሸው የዋለውን የስቱኮና የቀለም ብናኝ ከሱሪው አንስቶ አየር ላይ ይበትነዋል፤ ከዚያ እሱም ጓደኞቹም ይተነፍሱታል። መጥረጊያ ያጸዳል፣ አየር ቦታ ያቀያይራል። የጋራዥ አየር ከ6 እስከ 8 ባር ይደርሳል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ዕቃ ለማጽዳት እንኳ ግፊቱ ከ30 ፒኤስአይ በታች፣ ማለትም 2 ባር ገደማ እንዲሆንና የብናኝ መከላከያ እንዲኖር ያዛል፤ ዕቃ ነው ያልኩት፣ ሰው አላልኩም። ቆዳ ላይ ጭረት ካለ አየር በዚያ ገብቶ ደም ሥር ሊያገኝ ይችላል፤ ጆሮና ዓይን ላይ የሚያደርሰውን ባንናገር ይሻላል። ቀልድ መስሏቸው የጓደኛቸው ጀርባ ላይ የሚነፉትንማ ቀልዱን ራሱን መንጠቅ ነው። ብናኝ የሚስብ ማሽን ከማለስለሻው ጋር ይገጠም፤ ልብስ በቫኪዩም ይጸዳ። እስከዛሬ ያልገባኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ተቆጣጣሪው አርባውን ጥያቄ ጨርሶ ሊወጣ ሲል፣ ኃላፊው በአክብሮት «ቆይ ጌታዬ፣ አቧራ ነክቶዎታል» ይላል፤ ተቆጣጣሪውም እግሩን ከፈት አድርጎ ሱሪውን ያስነፋል! ቅጹ ላይ «የአየር ግፊት አጠቃቀም» አረንጓዴ ነው።

ወደ «አለ» ልመለስ። ብቻ ግራይንደሩን ካለፍኩ አይሆንም። 115 ሚሊሜትር ዲስክ የሚይዘው ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ገደማ ይዞራል። ትልቁ የ230 ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የተፈቀደለት 6,600 ነው፤ ራሱ ላይ ተጽፎበታል። እና ትንሹ ላይ ትልቁን ለመግጠም ከለላውን የሚነቅል ሰው አለ። ብዙ አለ። ቅጹ «ግራይንደር፦ አለ» ይላል፤ ከለላው መሳቢያ ውስጥ ነው። ዲስኩ መሃል ያለችውን የብረት ቀለበትም ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ማብቂያ ወርና ዓመት ተመትቶባታል። ያለፈበት ዲስክ ማሰሪያው ይደክማል፤ ሲፈነዳ ደግሞ ቀኑን አይጠይቅም።

ሻንሲ መሳቢያው ሰንሰለት፣ በክሪክ ብቻ ተይዞ ሰው ከሥሩ የተኛበት መኪና፣ ባትሪው ሳይነቀል የሚፈታው ኤርባግ፣ እነዚህ ለሌላ ቀን ይቆዩ። የኤሌክትሪክ መኪናውን ግን በአንድ ትንፋሽ፦ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ 400 ወይም 800 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ የመከላከያ ጓንቱ ከአፉ ተጠቅልሎ ውስጡ አየር ሲታሰር ፉት ካለ ቀዳዳ ነውና ይጣል። «ጓንት አለ?» አለ። የጥርስ ሳሙና ቱቦ ይመስል እየጠቀለሉ ማየት ግን የለም።

አዎ፣ ስለ «አለ» ነበር። አሁን ሰዓት አልቋል፤ ተቆጣጣሪው ሱሪውን አስነፍቶ ቀጣዩ ጋራዥ ደርሷል። ስልኩ ላይ አርባው ረድፍ አረንጓዴ ሆኖ ከታች አንድ ሳጥን ቀርታለች፤ «የታየ ችግርና አስተያየት» ትላለች። በቅጹ ሙሉ «የለም» የሚል መልስ ያገኘችው እሷ ብቻ ናት።