«በእኔ ነው!»

በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ብዙ ቤት ፈረሰ። የሂሳብ ጠብ ግን አልፈረሰም። አራት ጓደኛሞች ማኪያቶ ይጠጣሉ። ሂሳብ ሲባል አራቱም ብድግ! «በሞቴ!» «ማርያምን እኔ ነኝ!» «አንተማ ያን ቀን ከፍለሃል!» እጅ ይጠመዘዛል፣ ኪስ ይያዛል። አስተናጋጇ ብር በአራት አቅጣጫ ተዘርግቶላት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። አገሩን የማያውቅ ሰው ፖሊስ ይጠራል። የሚያውቀው ደግሞ «ሲዋደዱ!» ብሎ ያልፋል። እኔ ሁለቱንም አላምንም።

ኢኒያግራም የሚባል የጠባይ መመደቢያ አለ። ሰውን ዘጠኝ ቦታ ይከፍላል። ሳይንቲስቶች ብዙም አይተማመኑበትም። አንድ ነገሩ ግን ይመቸኛል፦ ምን አደረገ ሳይሆን ለምን አደረገ ብሎ ይጠይቃል። ቁጥር 2 መወደድ ይፈልጋል። ቁጥር 3 «ተሳክቶለታል» መባል። ቁጥር 8 ማንም እንዲያዘው አይፈልግም። ቁጥር 9 ብቻ ጭቅጭቅ አይኑር እንጂ ሁሉም ይስማማዋል።

ጣጣው፣ ብር ሲመዙ አራቱም አንድ ናቸው። ለመለየት ቀድሞ መክፈል ነው። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ቴሌብር አለ፤ ጠረጴዛ ሥር ጨርሳችሁ «ተከፍሏል» በሉና ፊታቸውን እዩ።

ቁጥር 2 ያኮርፋል። «ምን በደልኩህ?» ይላል፣ ከልቡ። ማታ «በሰላም ገባህ?» ብሎ ይደውላል። በሳምንቱ ከነቤተሰብህ ምሳ ተጠርተሃል። ብድሩን ሳይመልስ እንቅልፍ የለውም፤ አንተ የእሱ ባለዕዳ ካልሆንክ ትረሳው ይመስለዋል።

ቁጥር 3ም ያዘነ ይመስላል። ግን እጁን ተመልከቱ። ባለ 200 ብር ኖቶቹን አንድ በአንድ አስተካክሎ፣ የጎን ጠረጴዛ ማየቱን አረጋግጦ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቦርሳው ይመልሳል። ኪሱ አልተነካ፣ ስሙ ተነስቷል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ቁጥር 8 አንተን አያናግርም። አስተናጋጇን ይጠራል። «የእሱን መልሺለት፣ ከእኔ ተቀበይ።» ተከፍሏል ብትለውም አይሰማም። ቀጣዩ ካፌ የት እንደሆነ ከአሁኑ ወስኗል፣ ባለቤቱ የእሱ ወዳጅ ነው።

ቁጥር 9 ብር ያወጣው ሌሎቹ ስላወጡ ነው። ጠቡ በማለቁ ደስ ብሎት የቀረችውን ውሃ ይጨልጣል።

አስተናጋጇ ኢኒያግራም አታውቅም። ማንም ካልቀደማቸው ግን ሁልጊዜ የቁጥር 9ን ብር ነው የምትቀበለው። መልስ አይቆጥርም።